የሦስተኛ ክፍል ጭቃ

አንዲት ምላሰኛ መምህርት ነበረች። ተማሪዎቿ መሬት ላይ ነበር የሚቀመጡት። ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት «ዴስኩ በሂደት ላይ ነው» እየተባለች ሦስት ዓመት ጠበቀች፤ ሲመርራት ከሦስተኛ ክፍል ልጆቿ ጋር ጭቃ አቡክታ መደብ መሥራት ጀመረች። ልጆቹ ርዝመቱን በክንድ እየለኩ ሒሳብ ተማሩ፤ ጭድ የሌለው ጭቃ ሲሰነጠቅ አይተው ሳይንስ ገባቸው፤ እርጥቡ ላይ በጣታቸው ስማቸውን እየጻፉ ፊደል ለዩ።

መደቡ ገና እኩሌታው ሳይደርስ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጓንጉል ከረባታቸውን እያስተካከሉ ከች አሉ። ልጆቹ እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆነዋል።

«አንቺ ሴትዮ!» ብለው ጮኹ። «ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የጭቃ ቤት ግንባታ? ሥነ ሥርዓት የሚባል ነገር አታውቂም? በይ አሁኑኑ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ! አለዚያ ዛሬውኑ የስንብት ደብዳቤሽን ነው የምጽፈው!»

ልጆቹ ደንግጠው መምህርታቸውን አዩ። እሷ ግን የእጇን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገችና እጅ ነስታ እንዲህ አለቻቸው፦

«ጌታዬ፣ እኛማ ገና መቀመጫችንን እየሠራን ነው። እጅ አጣጥፎ መቀመጥ እኮ እንደ እርስዎ ወንበር ላገኘ ሰው ነው።»