ለጎደጎደ ጀርባ የተለካ ኮርቻ

ልጅን ጀርባው ሳይጠና ሸክም ማልመድ ነው የሚሻለው ወይስ አጥንቱ እስኪጠነክር ደብቆ ማቆየት? እኔ ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። እስኪ የምነግራችሁን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ፈረሶች የሚኖሩበት አንድ አገር ነበር። ከታች ሜዳ ነው፣ ከላይ ገደል፣ በመካከሉ አንዲት ቀጭን መንገድ። ገዢው አንበሳ ነው። የሚያድረው ከላይ፣ የሚበላው ከታች ስለሆነ በዚያች መንገድ ሳይወጣና ሳይወርድ አይውልም። በእግሩ መሄድ ደግሞ ለክብሩ አይመችም። ስለዚህ ፈረሶቹ በየተራ ይሸከሙታል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ሣሩ የፈረሶቹ፣ ጀርባው የአንበሳው። በዚህ የተከፋ የለም ይባላል። የሚለው ጅቡ ነው፤ ጅቡ የአንበሳው አማካሪ ነው።

ችግሩ ጥፍሩ ነበር። መንገዱ ሲቀጥን አንበሳው እንዳይወድቅ ጥፍሩን ይተክላል። ከዚያ የተመለሰ ፈረስ ጀርባው ገጣባ ሆኖ ዝንብ ሲያባርር ይከርማል። በዚያ ቁስል የሞቱም አሉ። በመጨረሻ ፈረሶቹ መከሩና ሽማግሌ ላኩ። አትጋልበን አላሉም፤ እንዲህ ያለውን ማንም አላሰበውም። ኮርቻ ይሁንልን አሉ።

አንበሳው ሰማቸውና "መልካም። የሚስማማችሁን ራሳችሁ ምረጡ" አለ።

ፈረሶቹ ያን ቀን ሲፈነጩ ዋሉ። ራሳችሁ ምረጡ ተብለው አያውቁማ።

ጉባኤው ከወንዙ ዳር፣ ከብሳናው ሥር ሆነ። ጦጣዋም ተጠራች። በዚያ አገር እጅ ያላት እሷ ስለሆነች እንጨት የምትጠርበውም ጠፍር የምትሰፋውም እሷው ናት። ብዙ ተባለ። አንዱ ለገደል መንገድ የሚበጀው ቀላል ኮርቻ ነው አለ። ሌላው ቁልቁለት ላይ ወደ አንገት እንዳይንሸራተት ከጭራ ሥር የሚይዘው ጠፍር ይኑረው አለ። ከሥሩ የሚነጠፈው ልብስ ወፍራም ይሁን ያለም ነበር። መቼስ ሁሉም ልክ ነበሩ።

ዳሚት የምትባል ወጣት ባዝራ ከኋላ ቆማለች። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በቅርቡ ነው። ውርንጭላው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ይሉታል።

"እኔ የምለው" አለች ፈራ ተባ እያለች፣ "በየጀርባችን ብንለካስ? የወጣቱ እንደ ሽማግሌው አይደለም። የልጆቹማ ገና አጥንትም አልሆነ።"

"ጦጣዋ ሁላችንን ስትለካ ክረምት ይገባል። አንዱን ትለካ፣ በዚያው ልክ ለሁሉም ትሥራ" አላት ከጎኗ የቆመው።

"የማንን?"

ይህ እንኳ ጥያቄ አልነበረም። በፈረሶቹ ወግ ውሃ ሲጠጣም፣ ጥላ ሲያዝም ታላቅ ይቀድማል። ታላቁ ጋሽ አምባላይ ነው፤ አንበሳውን ከማንም በላይ ተሸክሞ የኖረ ነጭ ሽማግሌ ፈረስ። ከመሸከም ብዛት ጀርባው እንደ ገበቴ ጎድጉዷል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይቋጥራል እያሉ ልጆች ይስቁበታል።

"ኧረ ልጆቹ ይለኩ" አለ ጋሽ አምባላይ። "እኔ ከእንግዲህ ስንት ጊዜ ልሸከም ብዬ።"

"ሞተን እንገኛለን ጋሼ። እርስዎ ቆመው?"

"ግድ የለም፣ ልጆቹ ይቅደሙ።"

"በፍጹም። ነውር ነው።"

እንዲህ ሲግደረደሩ ቆዩና ጋሽ አምባላይ እሺ አለ። ዳሚት በታላቅ ላይ መናገር አልለመደችም። ጦጣዋ ለካች።

ኮርቻው ደርሶ ጋሽ አምባላይ ላይ ሲጫን እንደ ሙዳይ ክዳን ገጠመ። አንበሳው ወጣበት፣ ወረደበት፤ ጥፍር የለ፣ ደም የለ። ሽማግሌው ዕንባው መጣ። በወጣቶቹ ላይ ሲጫን ግን ለጎድጓዳው ጀርባ ተብሎ ከሥሩ ያበጠው እንጨት መሐል ጀርባቸው ላይ ብቻ አረፈ፣ ፊቱና ኋላው ተንጠለጠለ። አንበሳው ሲቀመጥበት ክብደቱ ሁሉ አከርካሪያቸው ላይ ሆነ። እያነከሱ ተመለሱ።

እንደገና ተሰበሰቡ። በዚህኛው ላይ ጅቡ ተገኘ።

"ኮርቻውን ማን መረጠ?" አለ ጅቡ።

"እኛ።"

"ይለካ ያላችሁትስ ማን ላይ ነው?"

"ጋሼ ላይ።"

"ማን አስገደዳችሁ?"

"ማንም።"

"እንግዲያው ኮርቻው ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ጀርባ ነው። ጌታችን ይህን ኮርቻ መሻር ያቅታቸዋል? አያቅታቸውም። ግን የእናንተን ምርጫ ያከብራሉ።"

ከዚያ ወዲያ ውርንጭሎች ጡት ሳይጥሉ ኮርቻ እንዲጫኑ ተደነገገ። መጀመሪያ ባዶውን፣ ከዚያ ድንጋይ ተደርጎበት። ለስላሳ አጥንት ይታዘዛል። እየቆየ የልጆቹ ጀርባ ጎደጎደ፣ ኮርቻውም ገጠማቸው። ጅቡ ሜዳውን ዞሮ አየና "ይኸው፣ ለሁሉም ልክ ሆነ" አለ። እውነትም ገጣባ ጠፋ። ይህን ልክድ አልችልም።

ቦራ ብቻ ቀረ። ዳሚት ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ታሳድገዋለች።

ጎረቤቷ ሻንቂት መጥታ ተቆጣቻት። "ምነው እቴ፣ ልጅሽን ለምን ትጎጂዋለሽ? አሁን ካላጎደጎድሽው ሲጠና ይሰበርብሻል። የእኔ ይኸው፣ አላለቀሰም እኮ።"

"አላለቀሰም?"

"መጀመሪያ ብቻ ነው ያለቀሰው። አሁን ሲያወልቁለት ነው የሚከፋው።"

ዳሚት ጨነቃትና ጋሽ አምባላይ ዘንድ ሄደች። "ጋሼ፣ ምን ላድርግ?"

"ልጄ" አላት፣ "ጀርባዬ ቀና ያለበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እንዲያ ሆኖ መቆም ምን እንደሚመስል ሳላውቅ እንዴት ብዬ ልምከርሽ?"

ስትመለስ ቦራ ከቁጥቋጦው ወጥቶ፣ ከልጆቹ ጋር ውሎ፣ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው።

"እማ፣ ጀርባዬ ምን ሆኖ ነው?"

"ምን ሆነ?"

"ቀጥ ያለው፣ ቀጥ ያለው እያሉ ይስቁብኛል። እንደ እነሱ የምሆነው መቼ ነው?"

ዳሚት ጀርባውን ላሰችው። ነገ ደግሞ ጅቡ ያልተጫኑትን ፍለጋ በወንዙ ዳር ሊወርድ ነው፤ ልጆቹ ሲስቁ ሰምቷል።

እኔ ይህን የምጽፈው ልጄን ደረቴ ላይ አስተኝቼ ነው። ጀርባው ከመዳፌ አይበልጥም። ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እባካችሁ ምከሩን። ዳሚት ትጫነው ወይስ ትደብቀው? ሌላ መንገድ ካለም አትደብቁን፤ ለእኛ የታየን ይህ ብቻ ነው።