ባለመኪናውና የራዲያተሩ ክስ

አንድ ባለመኪና ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ «በልቤ ተጸጽቼ ለፈጣሪዬ ከነገርሁ፣ በሰው ፊት መናገሩ ለምን ያስፈልጋል?» ብለኸኛል። መልሱን የተማርሁት ከዚህ ሰው ስለሆነ ጥቂት ታገሠኝ።

ሰውየው የሚኖረው በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። መኪናው አሮጌ ናት፤ ከእሱ በፊት ሦስት ባለቤቶች አሰናብታለች። እሱ ግን ይወዳታል። በየጠዋቱ እስከ ጎረቤት ከተማ፣ እስከ ሥራ ቦታው ድረስ፣ በሜዳው አስፋልት ይነዳታል።

በዚያው ከተማ አንድ አዛውንት መካኒክ ነበረ። ቃሉ ጥቂት፣ እጁ ንጹሕ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ኅሩይ የሚለው ሰው ነው። ባለመኪናው ራዲያተሩን እንዲያጥብለት መኪናዋን ሰጠው። ጋሽ ኅሩይም አውርዶ አጠበው፣ መልሶ ገጠመው፤ ባለመኪናው አመስግኖ ሄደ።

ከወር በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ባለመኪናው በገበያ መካከል ለማለፍ ሲሞክር መንገዱ በሰውና በጋሪ ተዘጋበት። ጥቂት እየሄደ ብዙ እየቆመ ሳለ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ወጣ፤ ከሞተሩም እንፋሎት ተነሣ። ወርዶ ኮፈኑን ቢከፍት ውሃው ይንተከተካል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ ውሃው ፈልቷል፣ የሻይ ቅጠል ጨምርበትና እንጠጣ አለችው። ገበያው ሳቀ። መኪናዋ ከሰዓት በኋላ ቀዘቀዘች፤ ሰውየው ግን አልቀዘቀዘም።

ማግስቱ እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። ጉዳዮቹ ካለቁ በኋላ ባለመኪናው እጁን አወጣና ቆመ። እንዲህ ያለ ሞተር ያለ ምክንያት አይፈላም አለ። ራዲያተሩ ከመኪናዋ ጋር ከፋብሪካ የመጣ እንደነበር፣ ታጥቦ ከተመለሰ ወዲህ ግን ሌላ እንደሆነ ተናገረ። ቀጥሎም ጣቱን ወደ ጋሽ ኅሩይ ዘረጋና፣ «ይህ ሰው ደህናውን አስቀርቶ ውዳቂውን ገጥሞብኛል» አለ።

ነገሩ ለመታመን ቀላል ነበር። በየከተማው መካኒክ ዕቃ ቀየረብኝ የማይል ባለመኪና የለም፤ ከሚሉትም አንዳንዶቹ እውነታቸውን ነው። ጋሽ ኅሩይ ተነሥቶ፣ መኪናዋ ትምጣና ሁላችሁም በቆማችሁበት ልያት አለ። ባለመኪናው ግን፣ «አህያዬን የበላው ጅብ መርማሪ ልሁን ይላል» ሲል መለሰ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ኅሩይ ባርኔጣውን አነሣና ወጣ። ከሳቁት አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ፤ አሁን ይህን የሚነግርህ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጋራዡ የሚመጣው ሰው ቀነሰ። የመጡትም መኪናቸውን ትተው መሄዳቸው ቀርቶ እጁን እያዩ ይቆሙ ጀመር። አንዱ የሚስቱን የጥፍር ቀለም ይዞ መጥቶ፣ ጋሽ ኅሩይ እያየው፣ የሞተሩን ዕቃዎች አንድ በአንድ ቀባ። እንዳይቀየሩበት ነው። ጋሽ ኅሩይ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቆ ሥራውን ጀመረ።

ባለመኪናው ደግሞ መኪናዋን በጎረቤት ከተማ ወዳለች አንዲት ሴት መካኒክ ወሰደ። እንደ ደረሰም የሌባውን ነገር ከመጀመሪያው ይተርክላት ጀመር። እሷ ግን የጠየቀችው ሌላ ነበር። የምትሞቀው ሲነዷት ነው ወይስ ሲያቆሟት? በሜዳው መንገድ ደህና እንደሆነች፣ የፈላችው በገበያ መካከል ቆማ እንደሆነ ነገራት። ሴትየዋ ሞተሩን አስነሥታ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ዝም ብላ መለኪያውን ተመለከተች። መርፌው ወጣ፤ ወደ ቀዩም ተጠጋ። ከራዲያተሩ ኋላ ያለው ማራገቢያ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ሞተሩን አጠፋች። በወፍራም ጨርቅ ራዲያተሩን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው፤ ሙቀቱ ሁሉም ቦታ እኩል ነው። ይህ ማለት ውሃው በደንብ ይዘዋወራል፣ የተደፈነ ነገር የለም ማለት ነው አለችው። አጎንብሳም ጎኑ ላይ የተመታውን የፋብሪካ ቁጥር አየች። ራዲያተሩ መኪናዋ ይዛው የተወለደችው ነው፣ ያጠበውም ሰው ሥራውን ያውቃል ስትል፣ ባለመኪናው የሰማ አልመሰለም። ቀጥላ ከባትሪው በቀጥታ ገመድ ወስዳ ማራገቢያውን ነካችበት። ማራገቢያው ዞረ።

«ማራገቢያው ጤነኛ ነው፤ መብራት ነው የማይደርሰው» አለችና የፊውዙን ሣጥን ከፈተች። የማራገቢያው ፊውዝ ቦታ ባዶ ነበር። በክላክሱ ቦታ ደግሞ ከልኩ የሚበልጥ ፊውዝ ተሰክቷል።

«እዚህ ውስጥ እጅ ገብቷል» አለች። «ማን ነው የነካው?»

ሰውየው ያን ጊዜ ትዝ አለው። ራዲያተሩ በታጠበ በሳምንቱ የእህቱ ልጅ ሠርግ ነበር። የሙሽራ አጀብ እንዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ክላክስ የማያስጮህ መኪና ለቅሶ ቤት የሚሄድ ይመስላል። እሱም እጁን ከክላክሱ ሳያነሣ ግማሽ ከተማ ዞረ፤ ከሙሽራዋ ደጃፍ ሊደርሱ ሲሉ ፊውዙ ተቃጠለ፣ ክላክሱም ጸጥ አለ። ሚዜዎቹ ከኋላ፣ ምነው አጎት፣ ድግሱ አልጣመዎትም እንዴ እያሉ ቀለዱበት። እሱ ወረደና ከጎን ያለውን ፊውዝ፣ የምን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ ነቅሎ በክላክሱ ቦታ ሰካ። መኪናዋ እንደገና ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቡ ወጥቶ ነበር፤ በሜዳው መንገድ የሚነፍሰው ነፋስ የማራገቢያውን ሥራ ሲሠራለት ቆይቷል።

ሴትየዋ መልሱን ትጠብቃለች።

«እኔ እንጃ» አላት።

እሷም አልጨቀጨቀችውም። የማራገቢያውን ፊውዝ ወደ ቦታው መለሰች፣ ለክላክሱም አዲስ አስገባች፤ ሞተሩን አስነሥታ መርፌው በልኩ ሲቆም አሳየችው። ሁሉም ነገር አንድ ሰው ጫማ አስጠርጎ እስኪነሣ ድረስ አልፈጀም።

ባለመኪናው ክፉ ሰው አልነበረም። ከልቡ ተጸጸተ። ጧፍ ገዝቶ አስገባ፣ እህል አልበላም ብሎ ዋለ፣ ንስሐ አባቱም ዘንድ ሄደ። ልቡ ላይ የከበደው ነገር ግን አልሄደም። በጋራዡ ፊት ላለማለፍ መንገድ ለወጠ። በመጨረሻ አንድ ቀን በቀትር፣ ፀሐዩ ሰውን ሁሉ ወደ ቤት በከተተበት ሰዓት፣ በጓሮ በር በኩል ወደ ጋሽ ኅሩይ ቤት ገባ። ሁሉንም ነገረው፤ ጉልበቱንም ሊስም ጎነበሰ።

ጋሽ ኅሩይ ትከሻውን ይዞ አነሣውና ይቅር እንዳለው ነገረው። ሰውየው እንባውን ጠርጎ ለመሄድ ሲነሣ፣ «አንድ ነገር ንገረኝ» አለው ጋሽ ኅሩይ። «ሌባ ያልከኝ እዚህ ጓሮ ውስጥ ነበር?»

ባለመኪናው አንገቱን ደፋ። ለሰዉ እርስዎ ይንገሩልኝ ጋሼ፣ እኔ ከተጠየቅሁ አልክድም አለ።

«እኔ ብነግራቸው ሌባ ሌላ ምን ይላል ይሉኛል» አለ ጋሽ ኅሩይ። «አንተ ቀልሎህ ልትሄድ ነው። እኔ ነገ ጠዋት ጋራዤን ስከፍት ያው ነኝ።»

በሚቀጥለው የእድር እሑድ ባለመኪናው ቆመ። ሰብሳቢው ጉዳዩ ምንድን ነው ሲለው፣ ምንም አይደለም ብሎ ተቀመጠ። ሰዉ መነሣት ሲጀምር ዳግመኛ ቆመ። 

«ራዲያተሬ የራሴው ነው» አለ። «አልተቀየረም። መኪናዋን ያበላሸሁ እኔ ነኝ፤ ለክላክስ ብዬ የማራገቢያውን ፊውዝ ነቅዬ ነው። ይህንንም ካወቅሁ አንድ ወር ሊሆነኝ ነው።»

ከኋላ አንዱ፣ «ለክላክስ ብሎ!» አለ፤ ሳቁ ከፊት እስከ ኋላ ሄደ። ሰውየው አልተቀመጠም። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ የሚያሳርፍበት ሲያጣ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ጋሽ ኅሩይ አልሳቀም። እኔም ያን ቀን አልሳቅሁም፤ የኔን የቀድሞውን ሳቅ ግን ተነሥቼ አልመለስሁትም፤ ያው እስከ ዛሬ አለብኝ።

ልጄ፣ አንተ የትምህርት ቤት ኃላፊ ነህ። በመምህራን ስብሰባ ላይ የቤተ መጻሕፍቷን ሠራተኛ አስቁመህ፣ የፈተናውን ወረቀት አንቺ ነሽ አውጥተሽ የሸጥሽው ብለሃታል። ወረቀቱ ያለበትን ፖስታ ከራስህ ቁም ሣጥን ኋላ ወድቆ ካገኘኸው ሁለት ሳምንት ሆኖሃል። ጾመሃል፣ ጸልየሃል፤ ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ ትለኛለህ። እኔ ጸሎትህን አልንቅም። ነገር ግን ሴትየዋ ሌባ አለመሆኗን እሱ ከአንተ በፊት ያውቅ ነበር። የማያውቁት መምህራኑ ናቸው።