የአቶ ላቀው ድንኳን

ተረት ልንገራችሁ። ላም የለበትም፣ በረትም የለበትም፤ ስልክ ግን አለበት።

አቶ ላቀው የሚባሉ ሰው ነበሩ። የሰፈሩን እድር መዝገብ ሠላሳ ዓመት በእጃቸው ጻፉ። ማን ሞተ፣ ማን ቀበረ፣ ማን ቀረ፣ ሁሉም በእርሳቸው ቀለም ነበር። አምና “ዘመኑ የስልክ ነው” ተብሎ መዝገቡን ወሰዱባቸው። ዘንድሮ አንድ ማክሰኞ ንጋት ላይ ሞቱ። ሚስታቸው ወይዘሮ የሹምነሽ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነውና ከዚያ በፊት ድንኳን ይተከል፣ ሰውም ይስማ።

ድንኳን ጠባቂው ዘንድ ሄዱ። የጸሐፊው መልእክት ስልኬ ላይ ካልገባ ድንኳን አልሰጥም አለ።

አዲሱ ጸሐፊ ናሁሰናይ ዘንድ ሄዱ። የአባላቱ ስም ያለው ስልኬ ውስጥ ነው፣ እሱ ካልተከፈተ አልጽፍም አለ። ጸሐፊው አይጽፍ፣ ጠባቂው ድንኳን አይሰጥ።

ስልኩን ለመኑት። መብራት ካልበላሁ አልከፈትም አለ፤ ዘመናይ ነው፣ በየቀኑ ይርበዋል። ስልኩ አይከፈት፣ ጸሐፊው አይጽፍ፣ ጠባቂው ድንኳን አይሰጥ።

መብራቱ ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው። ሠራተኛው ካልመለሰኝ አልመጣም አለ። መብራቱ አይመጣ፣ ስልኩ አይከፈት፣ ጸሐፊው አይጽፍ፣ ጠባቂው ድንኳን አይሰጥ።

የመብራት ሠራተኛው ዘንድ ሄዱ። በእጅ የተጻፈና የተፈረመበት ማመልከቻ ካላየሁ ምሰሶ አልወጣም አለ። ሠራተኛው አይወጣ፣ መብራቱ አይመጣ፣ ስልኩ አይከፈት፣ ጸሐፊው አይጽፍ፣ ጠባቂው ድንኳን አይሰጥ።

“ልጄ፣” አሉት ወይዘሮ የሹምነሽ፣ “ማመልከቻ የሚጽፈውማ እቤት ተገንዞ ተኝቷል።”

ሠራተኛው ትከሻውን ሰበቀ። እሳቸውም ቤት ተመልሰው የባላቸውን ሣጥን ከፈቱ። አቶ ላቀው የመብራት ማመልከቻ አስቀድመው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ቀኑን ባዶ ትተው የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ፤ መብራት መጥፋቱ አይቀርማ። አንዱን አውጥተው ሰጡት። ሠራተኛው ተቀብሎ ከምሳ በኋላ አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አራት ጎረቤቶች አስከሬኑን ተሸክመው ሄዱ፤ ሚስታቸው እያለቀሱ ተከተሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሰው ስም የጻፉት ሰው በአራት ሰው ተቀበሩ። ይህን ስናገር አሁንም ያንገበግበኛል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማመልከቻው ሠራተኛውን ምሰሶ አወጣው፣ ሠራተኛው መብራቱን መለሰ፣ መብራቱ ስልኩን አበላ፣ ስልኩ ተከፈተ፣ ጸሐፊው መልእክት ጻፈ፣ ጠባቂው ድንኳን ሰጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ሰውም መጣ።

ያን ጊዜ የሟቹ ትንሽ የአዝራር ስልክ ከራስጌያቸው ጮኸች። ወይዘሮ የሹምነሽ አነበቡ፦ “ይድረስ ለአባላችን ለአቶ ላቀው። አባላችን አቶ ላቀው ስላረፉ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቀብር ላይ ይገኙ። የቀረ ይመዘገባል።”

ስልኳን ይዘው ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ናሁሰናይ ፊት ቆሙ።

“ልጄ፣ ላቀው አልቀረም ብለህ ጻፍልኝ” አሉት።

እኔም ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ አልላችሁም። መዝገቡን ግን መልሱላቸው።