አያ ቆርቁርና የጠነከረው ዋንዛ

ልተርትላችሁ ነው! ጆሯችሁን አውሱኝ። «አቤት» ያላለኝ ካለ አልጀምርም። አላችሁ? እሰይ! እንግዲያው ስሙ።

ዱሮ ዱሮ፣ ዛፉም ወፉም በሚነጋገርበት ዘመን፣ አያ ቆርቁር የሚባል ግንደ ቆርቁር ነበረ። ግንደ ቆርቁርን ታውቁታላችሁ፤ ግንድ በምንቃሩ ፈልፍሎ ቤት የሚሠራው ወፍ ነው። በወገኑ ወግ ቤት የሚፈለፍለው ባል ነው። ሚስቱ ብርቄ ደግሞ እንቁላል ልትጥል ደርሳለች፤ ሰማዩም መጥቆር ጀምሯል። ዝናቡ ከቀደመ እንቁላሉ ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው።

«አንተ፣ ቤቱስ?» አለች ብርቄ።

«ዛሬ እጀምራለሁ!» አለና ብር ብሎ አንድ ዋንዛ ዛፍ ላይ ዐረፈ። ቋ! ቋ! ቋ! ልጡ እንዴት ይለሰልሳል! አያ ቆርቁር ደስ አለው፤ ዘፈነም። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን እንጨቱ ጠነከረ። ይሄኔ እመት ጦጢት ከላይ ቁልቁል እያየች፣ «ምነው አያ ቆርቁር፣ ድንጋይ ትፈልጣለህ እንዴ? ብሳናው እኮ ቅቤ ነው!» አለችው።

«እውነትሽን ነው?» ብር! ወደ ብሳናው። ቋ! ቋ! ቋ! ልጡ ለሰለሰ፤ ውስጡ ጠነከረ። ቁራ መጣና፣ «ኧረ ወዳጄ፣ ሾላው እያለልህ!» አለው።

ብር! ወደ ሾላው። ቋ! ቋ! ቋ! ልጡ ለሰለሰ፤ ውስጡ ጠነከረ። ኤሊ ከሥር ቀና ብላ፣ «እኔ መቼም ዛፍ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ግራሩን ግን ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችው። ዛፍ ወጥታ የማታውቅ ኤሊ! እሷንም ሰማት! ብር! ወደ ግራሩ። እንዴት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ብርቄ ስትመጣ በየዛፉ ላይ ጉድጓድ ተጀምሯል፤ አንዱም ጭንቅላቷን እንኳ አያስገባም። ሰማዩ አጉረመረመ።

«አንተ ሰው! እንቁላሌን የት ልጣለው? ጀርባህ ላይ?» ብላ አለቀሰች።

ይሄኔ ምንቃሩ ተናገረ። ምንቃር ድሮም አፍ ነው ትሉኝ ይሆናል። ዝም ብላችሁ ስሙ! የአያ ቆርቁር ምንቃር ለራሱ ለጌታው ተናገረ።

«ጌታዬ፣ እኔ አንድ ነኝ፣ ዛፉ ብዙ ነው። ሁሉም ልጡ ይለሰልሳል፤ ሁሉም ውስጡ ይጠነክራል። አንተ ሲለሰልስ ትዘፍናለህ፣ ሲጠነክር ትበራለህ። አንዱን ምረጥልኝና ልሥራ!»

ዋንዛውም ከወዲያ ሆኖ ጮኸ፦ «እኔንስ? አቁስለኸኝ ሄድክ! ወይ ድፈነኝ፣ ወይ ጨርሰኝ!»

አያ ቆርቁር አፈረ። ቁጭ ብሎ አሰበ። ከዚያም ላባውን አራግፎ ተነሣ። «በቃ፣ ዋንዛው ነው! ጎህ ሲቀድ፣ ማንንም እንደምን አደርክ ሳልል፣ መጀመሪያ ዋንዛዬን አንኳኳለሁ። ግብዣም ወሬም ምክርም ከዚያ በኋላ!»

ጎህ ቀደደ። ቋ! ቋ! ቋ! እመት ጦጢት መጣች። «አያ ቆርቁር! ሾላው በስሏል፣ ና እንብላ!» መልሱ ቋ! ቋ! ቋ! ሆነ።

በማግስቱም ጎህ ሲቀድ ቋ! ቋ! ቋ! ቁራ እያለከለከ መጣ። «ጉድህን ስማ! ጅብና ቀበሮ ተደባደቡ!» ይሄንንስ ሳይሰሙ ማለፍ ከባድ ነው። አንገቱ እስከ ግማሽ ዞረ። «ጌታዬ!» አለ ምንቃሩ። አንገቱ ተመለሰ። ቋ! ቋ! ቋ!

ሦስተኛው ፈተና ግን ባሰ። ማንም አልጠራውም። እንጨቱ ጠነከረ፣ አንገቱ ዛለ፣ ልቡም በሹክሹክታ፣ «ዝግባው ይሻል ይሆን?» አለችው። የገዛ ልብ ስትጣራ ከጦጣ ትብሳለች! «ዝግባውም ያው ነው፤ ተይኝ!» አላት። ቋ! ቋ! ቋ!

የመጀመሪያዋ ጠብታ ጀርባው ላይ ጠብ አለች። ቋ! ሌላዋም ጠብ አለች። ቋ! ከዚያማ ዱም! ድምፁ ተለወጠ! ለካስ የዋንዛው ሆድ ባዶ ነበር! ከጠንካራው እንጨት በስተጀርባ ሰፊ፣ ደረቅ፣ ሞቃት ቤት ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር!

«ብርቄ! ብርቄ! ግቢ!»

ብርቄ ዘው አለች። ዶፉም ወረደ። ትንሽ ቆይታ እንቁላሏን ጥላ ከውስጥ እልል ስትል፣ አያ ቆርቁር በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው።

እመት ጦጢት በስብሳ መጣች። በብሳናው ጉድጓድ ልትጠለል ብትሞክር አፍንጫዋ ብቻ ገባ። «አያ ቆርቁር፣ ይሄን የመሰለ ለስላሳ ዛፍ ከየት አገኘህ? ምነው ደበቅከኝ?» አለች እየተንቀጠቀጠች።

አያ ቆርቁር አንገቱን ከደጃፉ ብቅ አድርጎ ሳቀ። «እመት ጦጢት፣ ለስላሳ ዛፍማ የለም። ይሄ ድንጋይ ነው ያልሽኝ ዋንዛ ነው። ሲጠነክርብኝ ጥዬው አልሄድኩም፤ ሌላ ነገር የለውም።»

ልጡማ ለሁላችንም ይለሰልሳል፣ ወገኖቼ። ቤት የሚያገኘው ግን አንዱን መርጦ በየማለዳው የሚመለስበት ነው። በሉ፣ የተዋስኩትን ጆሯችሁን መልሻለሁ፤ እናንተም ጀምራችሁ ወደተዋችሁት ዛፍ ተመለሱ!