የአሥራደ ሞተርና የደምመላሽ ሚስት

ሽማግሌ ተብዬዎች ጠብ ሲያበርዱ የሚጠቅሷት አንዲት አባባል አለች። «አበው እንዳሉት» ብለው ይጀምሯታል። የምን አበው? ያልኳት እኔ በለጥሻቸው ነኝ፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ በገዛ ግቢዬ! ፊደል አልቆጠረችም ብለው አባባሌን ለሙታን ሰጡብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተከራዬ ኢንጂነር አሥራደ ባዶ በረቴ ውስጥ ሞተር ይሠራ ነበር። ይህ ሞተር ክፉኛ ካልቀዘቀዘ አይሆንለትም፤ ከቀዘቀዘ ግን ኤሌክትሪኩ ያለ ድካም ይፈስበታል አለኝ። ለማቀዝቀዣ፣ ላም የሚያዳቅሉ ሰዎች የኮርማ ዘር የሚያቆዩበትን የሚጨስ ፈሳሽ ያመጣል።

«ኮርማውስ የታለ?» ስለው ይስቃል።

አንድ ቅዳሜ ባለሀብቱ ደምመላሽ ሚስቱን ወይዘሮ ስንዱን አስከትሎ ሊያይ መጣ። ሞተሩ ከዞረ ለአሥራደ ባዶ መጋዘኑን ለሥራ ሊሰጠው፤ ካልዞረ አሥራደ ሻንጣውን አንጠልጥሎ አባቱ ቤት ሊገባ።

አሥራደ ፈሳሹን ሞተሩ ጀርባ ላይ አወረደው። ሞተሩ አመዳይ ለብሶ ነጣ እንጂ ንቅንቅ አላለም።

«ጨምርበት እንጂ!» ይላል ደምመላሽ፣ የገባው ይመስል።

«ምን ሆነብህ?» አልኩት አሥራደን።

«እማማ፣ የሚዞረው ብረት ያለው ከውስጥ ነው። ዙሪያው እንደ ፔርሙዝ ባዶ ስለሆነ ከላይ ያፈሰስኩት አይደርሰውም። የሚነካው ዘንጉን አቅፎ የያዘው ኩሽኔታ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ሙቀት ከማያስተላልፍ ነገር ሠራሁት፤ እኔ ደንቆሮ!»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ለውጠው!»

ሙቀት በሚያሳልፍ ኩሽኔታ ለወጠው፤ ቀዝቃዛው ፈሳሽ የሚያልፍበትን ቱቦም እዚያው ኩሽኔታው ላይ ጠመጠመ። ይህ ሁሉ ሲሆን ደምመላሽ ግቢዬን እየዞረ ይፎክራል። ጎረቤት ሁሉ «ይረጋጉ ጌታዬ» ሲለው ይብስበታል። ሚስቱ «ቁጭ በል!» ስትለው ግን ዱብ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ይህችን አየሁ።

ቅዝቃዜው በኩሽኔታው አልፎ ዘንጉን፣ በዘንጉ አልፎ ውስጡን ያዘ። ሞተሩ እንደ ንብ መንጋ እም ብሎ ዞረ!

ደምመላሽ ብድግ አለ። «ቀኔን በላችሁት! መጋዘኑን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ!» ብሎ ወደ መኪናው ገሰገሰ። ምስኪኑ አሥራደ «ጋሼ! ኧረ ጋሼ!» እያለ ተከተለው። ወይዘሮ ስንዱ ፊቷን አጥቁራ ከበሩ ሥር ቆማለች።

አሥራደን በእጅጌው ጎትቼ አቆምኩት።

«ወዴት ነው? ወደ እሷ ሂድ! ከመጣች ጀምሮ ‹አረፍ ይበሉ› ያላት አለ? ወንበር አውጣላት፣ ሞተሩን ለእሷ አሳያት፣ እሷን ለምናት፤ ዟሪውን ልታበርድ፣ ያዡን አብርድ!»