ከመልሱ ጎን የተጻፈው

በአንድ ወቅት፣ የባለትዳር ሴቶችን ኑሮ የሚያጠኑ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ሲጠይቁ፣ ብርዛፍ የምትባል ጠያቂ ትርንጎ ከምትባል ሴት ቤት ደረሰች። ብቻቸውን እንዲተዉአቸው ብትለምንም የትርንጎ አማት ከመደቡ ንቅንቅ አላሉም።

«ከእኔ የሚደበቅ ምን ነገር አለ?» አሉ።

«ባለቤትሽ መትቶሽ ያውቃል?» ስትል ብርዛፍ ጠየቀች።

«አይመታኝም» አለች ትርንጎ፣ ያበጠ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እየሸሸገች። ልትሸኛት ስትወጣ ግን በሹክሹክታ «እህቴ፣ ያየሽውን አትርሺ» አለቻት።

ብርዛፍ የተነገራትን እንጂ የጠረጠረችውን መልስ አድርጋ ቅጹ ላይ መሙላት አልቻለችም። «አይመታኝም» ብላ ሞላች። ከጎኑ ግን ስለ አማትየዋ፣ ስላበጠው እጅ፣ በር ላይ ስለተባለው ሁሉ በእጇ ጻፈች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈች።

የጥናቱ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ማስታወሻውን ደጋግመው አነበቡት። ለሴቶቹ ሁሉ «የነገራችሁን ከእኛ አያልፍም» ተብሎ ቃል ተገብቶላቸዋል። «ይህ ከወጣ ሌላ ሴት በሯን አትከፍትልንም» አሉና መልሱ ብቻ እንዲወሰድ አዘዙ። ትርንጎም ከማይመቱት ሴቶች ጋር ተቆጠረች።

መልሶቹን ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ሽመክት የዚያው አገር ልጅ ነበር፤ የትርንጎን ወንድም አስማረን ያውቀዋል። «ማስታወሻውን አንብቤ ዝም ካልኩ እኔም እንደመታኋት ነው» አለና ሄዶ ነገረው።

አስማረ ዱላውን ይዞ እህቱ ቤት ገባ። ባልየው ከዚያ ጠብ አልተረፈም። አስማረ ታሰረ፤ ትርንጎንም አማቷ ከነሕፃን ልጇ ከቤት አስወጧት።

ብርዛፍ ይህን ስትሰማ ትርንጎን ፈልጋ ጎረቤት ተጠግታ አገኘቻት። ማስታወሻዋን ኃላፊውና ሽመክት ምን እንዳደረጉትም አንድ ሳትደብቅ ነገረቻት።

«ባሌ አፈር ውስጥ፣ ወንድሜ እስር ቤት» አለች ትርንጎ። «እኔ አይመታኝም ነው ያልኳችሁ።»

«በር ላይ ያልሽኝስ?»

«አትርሺ አልኩሽ እንጂ አውሪ አልኩሽ? ዝም በሉስ አልኩ? ከሦስታችሁ የበደለኝ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ። የቀራችሁት ዓይኔን እንዳታዩት።»

ሦስቱ ተገናኝተው ተነጋገሩ። ብርዛፍ «ያየሁትን ጽፌያለሁ» አለች። አቶ ልሳነወርቅ «ቃሌን ጠብቄያለሁ» አሉ። ሽመክት «ለእሷ ብሎ የተነሳ ከእኔ ሌላ ማን አለ?» አለ። ሳይስማሙ ተለያዩ፤ ትርንጎ ዘንድ እስካሁን የሄደ የለም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሄዶ እግሯ ላይ መውደቅ ያለበት የትኛው ነው?