ሙሴ አይነሡ፣ ሙፍሪያ አትጫወት

ተረት ተረት ስላችሁ «የኮምፒውተር ቤት» ብላችሁ ተቀበሉኝ፤ ነገሩ የተጀመረው እዚያ ነዋ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ኮምፒውተር ቤት አለች። እዚያ ሙፍሪያ የምትባል ወጣት ትሠራለች። የሰው ማመልከቻ ትተይባለች፣ ጉርድ ፎቶ ታትማለች። ደንበኛ ሲጠፋ ደግሞ፣ መቼም በድሬ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ጉርድ ፎቶ የሚያምረው ሰው የለም፣ «ጦርና ጎተራ» የሚባል ጨዋታ ትጫወታለች። የጭንቅላት ጨዋታ ነው። ጎተራ ይሠራል፣ እህል ይሞላል፣ ወታደር ይቀለባል፣ ከዚያ የሌላው ጎተራ ይወረራል። ቸኩሎ የዘመተ በረሃብ ያልቃል፤ ሲቆጥብ የከረመ ይዘረፋል። መቼ እንደሚቆጠብና መቼ እንደሚዘመት እንደ ሙፍሪያ የሚያውቅ በዚያ አገር አልነበረም።

የፈለገችው ትንሽ ነገር ናት። የምሥራቅ አፍሪካ ውድድር ማጣሪያ ሊጀመር ነው። በደንብ የተጫወተን ሰው ቡድን ይቀጥረዋል፤ ጨዋታው ሥራው ይሆናል። ሙፍሪያም «አንዴ ብቻ፣ በራሴ ስም ልጫወት» አለች።

«በራሴ ስም» ያለችው ያለ ነገር አይደለም። እስከዚያ ድረስ አገርን የሚደብቅ ቪፒኤን እየከፈተች፣ የናይሮቢ ልጅ መስላ ነበር የምትጫወተው። ስታሸንፍ የሚጨበጨበው ለናይሮቢ ነው። በኋላ ተነቃባት። «ሁለተኛ ከዋሸሽ እስከ መጨረሻው ትታገጃለሽ» ተባለች። እሺ፣ አለመዋሸት ነዋ! እውነተኛ ስሟን ጻፈች፣ ከተማዋን ጻፈች፣ «ግባ» የሚለውን ነካች። ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ይህ ውድድር በክልልዎ አይሰጥም።»

«አይሰጥም? ክትባት ነው እንዴ!» አለች ሙፍሪያ።

ምዝገባው የሚዘጋው እሑድ ነው። ውድድሩ አያስገባ፣ ሙፍሪያ አትጫወት።

ለውድድሩ አዘጋጅ ደወለች። ኪፕሮኖ ይባላል፣ ናይሮቢ ነው ያለው፣ ትሑት ሰው ነው።

«እኔ ባስገባሽ ደስ ይለኝ ነበር» አላት። «ግን አገርሽ ካርታችን ላይ የለችም።»

«እንዴት አትኖርም? ከአገርህ ጋር ድንበር ትጋራለች እኮ!»

«መሬት ላይማ አለች። የውድድሩ ካርታ ላይ ነው የሌለችው። የአገርሽ ማኅበር ይጠይቀኝ፤ በአንድ ጣቴ እጨምራታለሁ።»

ኪፕሮኖ አይጨምር፣ ውድድሩ አያስገባ፣ ሙፍሪያ አትጫወት።

አዲስ አበባ ደወለች። የጭንቅላት ጨዋታዎች ማኅበርን የሚመሩት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው።

«ቼዝ ነው?» አሉ።

«አይደለም፣ ጎተራ ነው።»

«የእህል ጉዳይ ከሆነ የግብርና ሰዎችን ጠይቂ።»

«እትዬ፣ ጨዋታ ነው! ኮምፒውተር ላይ!»

አስረዳቻቸው፤ ገባቸው፤ ወደዱትም። ግን ምን አሉ? «ለአንድ ሰው ብዬማ ጎረቤት አገር አልደውልም። ጓደኞችሽን ሰብስበሽ ክለብ ሁኑ። የሰፈራችሁ የስፖርት ኃላፊ ‹አውቃቸዋለሁ› ይበለኝ፤ ስልኩን ሳልዘጋ እጠይቅልሻለሁ።»

ወይዘሮ የሺመቤት አይጠይቁ፣ ኪፕሮኖ አይጨምር፣ ውድድሩ አያስገባ፣ ሙፍሪያ አትጫወት።

ወደ ስፖርት ኃላፊው ሄደች። አቶ ደረሱ ይባላሉ። ሰማያዊ ቱታቸውን ለሠርግም ለለቅሶም አያወልቁም፤ ፊሽካቸው ከአንገታቸው አይጠፋም።

«ምን ችግር ገጠመሽ?» አሏት።

«ውድድሩ በክልላችሁ አይሰጥም አለኝ።»

«ልክ ነዋ!» አሉ አቶ ደረሱ። «ድሬዳዋ መች ክልል ሆና ታውቃለች? አስተዳደር ናት። ማን ነው ግን ይሄ ሰው? ሕገ መንግሥቱን በደንብ አንብቧል።»

ሙፍሪያ በእጇ ግንባሯን ያዘች። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው፤ ወይዘሮ የሺመቤት እንደማይጠይቁ፣ ኪፕሮኖ እንደማይጨምር፣ ውድድሩ እንደማያስገባ፣ እሷም እንደማትጫወት። አቶ ደረሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት።

«ሁሉም ጥሩ። ሜዳችሁ የት ነው?»

«ሜዳ አይፈልግም። ተቀምጠን ነው የምንጫወተው።»

«የምትቀመጡበት ሜዳ የት ነው?»

«አቶ ደረሱ…»

«አየሽ፣ እኔ ክለብ ማወቅ የምችለው በዓይኔ ሳየው ነው። የባቡር ሠራተኞቹ የድሮ አዳራሽ አለላችሁ። እሱን አስከፍቱ፣ ወንበር ደርድሩ፣ መጥቼ ልያችሁ። በዚያው አውቃችኋለሁ።»

አቶ ደረሱ አያውቁ፣ ወይዘሮ የሺመቤት አይጠይቁ፣ ኪፕሮኖ አይጨምር፣ ውድድሩ አያስገባ፣ ሙፍሪያ አትጫወት።

የአዳራሹ ቁልፍ ያለው እትዬ ዘውድነሽ ጋ ነው። ሙፍሪያ እየሮጠች ሄዳ፣ ትንፋሿ ሳይመለስ፣ «እትዬ ዘውዴ፣ ካልከፈቱልን አቶ ደረሱ አያውቁን፣ ካላወቁን ወይዘሮ የሺመቤት አይጠይቁ፣ ካልጠየቁ ኪፕሮኖ አይጨምር፣ ካልጨመረ ውድድሩ አያስገባ፣ ካላስገባ እኔ አልጫወት!» አለች።

እትዬ ዘውድነሽ ውሃ ቀዱላት። «ልጄ፣ ውሃ ጠጪና እንደገና ንገሪኝ። ያልጨመረው ማን ነው? ስኳር ነው?»

እንደገና ነገረቻቸው። ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈቱና አሳዩዋት። «እኔማ ልክፈትልሽ። የአዳራሹ በር ግን ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ሙሴ ገብረየስ በረንዳው ላይ ጠረጴዛቸውን በሩ ላይ አስጠግተው ተቀምጠዋል። እሳቸው ካልተነሡ ቁልፍ ምን ይሠራል?»

እትዬ ዘውድነሽ አይከፍቱ፣ አቶ ደረሱ አያውቁ፣ ወይዘሮ የሺመቤት አይጠይቁ፣ ኪፕሮኖ አይጨምር፣ ውድድሩ አያስገባ፣ ሙፍሪያ አትጫወት።

ሙሴ ገብረየስ ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። «ሙሴ» ማለት በድሮዎቹ የባቡር ሰዎች አፍ «አቶ» ማለት ነው። ጢማቸውን ቀጥ አድርገው ተከርክመው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ የዳማ ሰሌዳ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ላይ ቀይና ቢጫ ቆርኪዎች ተደርድረዋል። የሚጫወት ሰው ግን የለም።

«ሙሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጠረጴዛውን ትንሽ እናንሳው?»

«ሰሌዳው አይነካም» አሉ። «ጨዋታው አላለቀም። ተራው የሮብሌ ነው።»

«ሮብሌ የት አሉ?»

«ጅቡቲ።»

ሮብሌ የጅቡቲ ጣቢያ ሹም የነበሩ ወዳጃቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ሊጠይቋቸው መጥተው ዳማ ጀመሩ፣ ባቡሩ ሊሄድ ሲል «ቆይ፣ ሳስብበት» ብለው ተሳፈሩ። ይኸው ዓመታት አለፉ፤ ያስባሉ።

«ፎቶ ላንሳውና ሌላ ቦታ እንደነበረው እንደርድረው?» አለች ሙፍሪያ።

«ሮብሌን አታውቂውም። አንዲት ቆርኪ ንፋስ ቢነቀንቃት ‹አጭበረበርከኝ› ይለኛል፤ መቃብሬ ላይ ቆሞ ይለኛል። ይምጣና ተራውን ይጫወት፣ ያን ጊዜ እነሣለሁ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ሰለለ። ሙፍሪያም ሽማግሌው የሚጠብቁት ሰሌዳውን ብቻ እንዳልሆነ ገባት፤ ልትከራከር የነበረውን ተወችው።

ሙሴ አይነሡ፣ እትዬ ዘውድነሽ አይከፍቱ፣ አቶ ደረሱ አያውቁ፣ ወይዘሮ የሺመቤት አይጠይቁ፣ ኪፕሮኖ አይጨምር፣ ውድድሩ አያስገባ፣ ሙፍሪያ አትጫወት።

እሑድ ደረሰ። ሙፍሪያ ቁጥሩን ከሙሴ ተቀብላ ጅቡቲ ደወለች።

«ጋሽ ሮብሌ፣ ይምጡና ተራዎን ይጫወቱ!»

«ጉልበቴ አያመጣኝም» አሉ ሮብሌ። «ቢያመጣኝስ ምን ልሠራ እመጣለሁ? ልሸነፍ? ስንት ጊዜ አሰብኩት፤ መውጫ የለውም።»

ሮብሌ አይመጡ፣ ሙሴ አይነሡ፣ እትዬ ዘውድነሽ አይከፍቱ፣ አቶ ደረሱ አያውቁ፣ ወይዘሮ የሺመቤት አይጠይቁ፣ ኪፕሮኖ አይጨምር፣ ውድድሩ አያስገባ፣ ሙፍሪያ አትጫወት! አቦ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሰንሰለት ነው?

ሙፍሪያ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ አማራት፤ አላለቀሰችም። «መሄድ ካልቻሉ በስልክ ይጫወቱ» ብላ ለሮብሌ የዳማ ጨዋታ ላከችላቸው። የልጃቸው ስልክ ላይ ሊጭኑት ሞከሩ። «ይህ ጨዋታ በክልልዎ አይሰጥም» አላቸው።

«ምን ማለት ነው?» ብለው ጮኹ ሮብሌ። «ዳማን በቆርኪ ስጫወት ይሄን ስልክ የሠራው ሰው አባት አልተወለደም!»

ሙፍሪያ ከሐዘኗ መሀል ሳቋ መጣ። ከዚያ ብድግ አለች። የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፤ ወንበር ላይ ወጣች፤ ስልኳን በማሰሪያው ከበረንዳው ጣሪያ ቬንቲሌተር ላይ አንጠለጠለችው፤ ካሜራውን ቁልቁል ወደ ሰሌዳው አዞረችና በቪዲዮ ደወለች።

«ይታይዎታል?»

«ባርኔጣ ነው የሚታየኝ።»

«ሙሴ፣ ራስዎን ገለል ያድርጉ!»

ሙሴ ገለል አሉ። ሮብሌ ሰሌዳውን ያያሉ። በዚህ መሀል እትዬ ዘውድነሽ መጡ፤ ሽማግሌውን በላብ ተነክረው ሲያዩዋቸው አዘኑና የቬንቲሌተሩን ማብሪያ ተጫኑት።

«ገብረየስ!» የሚል ጩኸት ከላይ መጣ። «ድሬዳዋ እየዞረች ነው! ያዟት!»

«አጥፉት!» ተባለ፤ ጠፋ። ስልኩ ቀስ በቀስ ረጋ። ሮብሌ ትንፋሻቸው ሲመለስ እንደገና ሰሌዳውን አዩ። ከዚያ «እህ!» አሉ። «ያች ቀይ ቆርኪ እዚያ ጥግ ናት እንዴ? እኔኮ በጭንቅላቴ መሀል ላይ አስቀምጬ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የማስበው! ገብረየስ፣ ሌላዋን ቀይ ወደፊት አንድ አድርግልኝ።»

«ትበላብሃለች።»

«ብላት።»

ሙሴ በሉ።

«አሁን የጥጓን አንሣ። ያን ብላልኝ። ያንንም። ያንንም። ንጉሥ ሆንኩ?»

ሙሴ ገብረየስ የራሳቸውን ቢጫ ቆርኪዎች አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ለዓመታት የጠበቁት ድል በገዛ እጃቸው ሲያልቅ አዩ። ሙፍሪያ «አለቀልኝ፤ ሽማግሌው ተቀይመው እዚሁ ይሰፍራሉ» አለች በሆዷ።

ሙሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጠረጴዛውን ተደገፉ። «ሮብሌ» አሉ፣ «እንዲህ ያለውን ጨዋታ ተቀምጦ ማለፍ ነውር ነው።» ቀጥ ብለው ቆሙና ቬንቲሌተሩን እጅ ነሡ።

ተነሡ! ሙሴ ተነሡ!

ጠረጴዛው ተሳበ፣ እትዬ ዘውድነሽ ከፈቱ። ጓደኞቿ ወንበር ደረደሩ፣ ኮምፒውተር በጋሪ መጣ፣ አቶ ደረሱ በቱታቸው ደረሱ። ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለኩና «ይኸው፣ አሁን አወቅኋችሁ!» አሉ። አቶ ደረሱ ስላወቁ ወይዘሮ የሺመቤት ጠየቁ። ወይዘሮ የሺመቤት ስለጠየቁ ኪፕሮኖ ጨመረ፤ እንዳለውም በአንድ ጣቱ። ሮብሌ አይተው፣ ሙሴ ተነሥተው፣ እትዬ ዘውድነሽ ከፍተው፣ አቶ ደረሱ አውቀው፣ ወይዘሮ የሺመቤት ጠይቀው፣ ኪፕሮኖ ጨምሮ፣ ውድድሩ አስገባ። ማጣሪያው ሲጀመር ሙፍሪያም ተቀመጠች።

ስክሪኑ ላይ «ሙፍሪያ፣ ድሬዳዋ» ተጽፎ ስታይ ሁለቴ አነበበችው። በናይሮቢ ስም ስትሸነፍ የምትሸነፈው ናይሮቢ ነበረች፤ ዛሬ ከተሸነፈች ራሷ ናት። ተጋጣሚዋ የካምፓላ ሰው ነው፤ ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ እንደ ጎርፍ ነው የመጣባት። አዳራሹ ሙሉ ሰው ከኋላዋ ቆሟል።

«የትኛዋ ነሽ አንቺ?» ይላሉ እትዬ ዘውድነሽ።

«ሰማያዊዋ።»

«ብይው!» ይላሉ ሙሴ። «ምን ትጠብቂያለሽ? ብይው!»

ሙፍሪያ አልበላችም። በሯን ዘጋች፣ እህሏን ሞላች፣ ጠበቀች። የካምፓላው ሠራዊት አጥሯን ከቦ ሲጮህ፣ ሲጮህ፣ ስንቁ አለቀበት። ወታደሮቹ እዚያው አጥሩ ሥር በረሃብ መውደቅ ሲጀምሩ ሙፍሪያ በሯን ከፈተችና ወጣች። ከዚያ በኋላ ብዙ አልፈጀም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ አቶ ደረሱ ሳይታወቃቸው ፊሽካቸውን ነፉ።

ሰው ሁሉ ሲጨፍር የሙፍሪያ ስክሪን ጥግ ላይ አንድ መልእክት ብልጭ አለ። ጁባ ያለች አቾል የምትባል ተጫዋች ናት፦ «ጨዋታሽን አየሁት። የእኛም አገር ካርታው ላይ የለችም። እንዴት ብለሽ ነው የገባሽው?»

ሙፍሪያ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበች፣ ጣቶቿን አፍታታችና መለሰችላት፦ «ጊዜ አለሽ?»

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ እስቲ ቀዝቃዛ ውሃ አቀብሉኝ።